የኦስበርት እናት ዓይነ ርግብ

[የሽሮፕሻየር መንደር፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የግንቦት ማለዳ። ሙሽራው መምህር ኦስበርትና የሙሽሪት ወንድም ዊልፍ ሙሽሪትን ይጠብቃሉ። የዊልፍ ልብ ግን ጓሮ፣ ከቀፎው ዘንድ ቀርቷል። በአያቶቹ ወግ ቀፎውን ለሰርጉ ነጭ ሲያለብስ፣ እጁ የገባው ሙሽሪት ልትከናነበው የነበረው የኦስበርት እናት ዓይነ ርግብ ነበር። ንቦቹ ሰፈሩበት፤ አልለቅ አሉ።]

ኦስበርት፦ ዝም ብሎ ጨርቅ አይደለም እያልኩህ።

ዊልፍ፦ እኔ እኮ ጨርቅ መስሎኝ ነው።

ኦስበርት፦ በእንግሊዝኛችን ስንት ነገር ተሸክሟል መሰለህ። የመነኮሰች ሴት ዓይነ ርግብ ለበሰች ይባላል። የሞተ ሰው ከዓይነ ርግቡ ማዶ ተሻገረ ይባላል። ዛቻ እንኳን ይከናነባል።

ዊልፍ፦ ዛቻ ደግሞ እንዴት ይከናነባል?

ኦስበርት፦ ለምሳሌ፣ ከእናቴ ዓይነ ርግብ አንዲት ክር ብትጎድል፣ በዚህ በር አልገባም።

ዊልፍ፦ ይሄኛው ዛቻስ ፊቱ ይታያል።

ኦስበርት፦ ምን ያቁነጠንጥሃል?

ዊልፍ፦ ጠዋት ሰርጉን ለንቦቹ ነገርኳቸው። ካልተነገራቸው ተቀይመው ይሄዳሉ። እንዲያውም አንጎራጎርኩላቸው፦
ንቦቼ ንቦቼ፣ ስሙኝ ወሬ አለኝ፣
እህቴ ልትዳር ነው፣ አበባ አቀብሉኝ።
ከዚያ ቀፎውን ነጭ አለበስኩት፤ ነጩ ደግሞ...

ኦስበርት፦ በቃ በቃ። አሳፋሪ ነገር ሲገጥም ጨዋ ሰው ምን ያደርጋል? ዓይነ ርግብ ጣል ያደርግበታል።

ዊልፍ፦ ጣል አድርጌበታለሁ እኮ። ችግሩ እሱ ነው።

[ሙሽሪት ሄስተር በአባቷ ክንድ ተደግፋ ብቅ አለች። በዓይነ ርግቡ ፋንታ የደፋችው የዊልፍን የንብ መከላከያ መረብ ነው። ዊልፍ ዓይኑን ጨፈነ።]

ኦስበርት፦ [እንባ አቅርሮ፣ ቄሱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ] ከሺህ መካከል እለየዋለሁ። የእናቴ ነው። ሽታውስ፣ ሰሙ፣ ጭሱ፣ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሽታ።

ዊልፍ፦ ጭሱ እንኳን የጠዋት ነው።

ኦስበርት፦ ግንባሯ ላይ ያለችውን ጥልፍ እያት። የእናቴ የእጅ ሥራ።

ዊልፍ፦ አማቼ፣ ጥልፏ እየተራመደች ነው።

ኦስበርት፦ ጥልፍ አይራመድም። [መረቡን ሊስም ጎንበስ አለ። ከንፈሩን ይዞ ወደ ኋላ ዘለለ።]

ዊልፍ፦ አዬ ጥፋቴ። ሰርግ አለ አልኳቸው እንጂ ሙሽራው ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ኦስበርት፦ [ከንፈሩ እያበጠ] ይሄ... የእናቴ አይደለም?

ዊልፍ፦ አንተ ነህ ከሺህ መካከል የለየኸው። ቄሱም ሰምተዋል።

[ከመረቡ ሥር የሄስተር ሳቅ ፈሰሰ። ኦስበርት ቄሱን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ሳቋን ሰማ፤ ክንዱን ሰጥቷት በሩን አለፈ።]

ኦስበርት፦ [በሹክሹክታ] ዊልፍ፣ በዚህ ነገር ላይ ዓይነ ርግብ ጣል እናድርግበት።

ዊልፍ፦ የትኛውን? ያንተን ንቦቹ ይዘውታል፤ የእኔን ሙሽሪት ለብሳዋለች።