አማቴ ፊት የበላሁት ዶሮ

እስቲ እውነቱን እናውራ፤ አማታችሁ ፊት አጥንት ግጣችሁ ታውቃላችሁ? «እኛ ዘመናዊ ነን፣ ካማቴ ጋር ባንድ ትሪ ነው የምንበላው» የምትሉ ካላችሁ ይቺን ወግ እለፏት። እኔ የሰቆጣ አማች ነኝ።

ሰቆጣ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ተመድቤ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ካርታ ላስተምር መጥቼ መውጫው ጠፋኝና አገባሁ። የሚስቴ እናት እማማ ስንዱ የደሃና ወረዳ ሴት ናቸው፤ ጨዋነታቸው ያስፈራል። በጋብቻ ከተዛመድን ስድስት ዓመት ሲሆነን አንዲት ጉርሻ ሲጎርሱ አላየኋቸውም። ገበታ ሲቀርብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጓዳ ነው። እኔም እሳቸው ባሉበት አላኝክም። አማት ፊት መብላት ነውር ነው ያለኝ ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ያላለኝ ሰው ግን የለም። እሳቸው እኔን «መምህር፣ እርስዎ» ይሉኛል፤ እኔም «እርስዎ» እላቸዋለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አምባሳደሮች!

ሰቆጣ እያለን ይኼ ሁሉ ችግር አልነበረም። ጓዳ አለ፣ በር አለ፣ ጎረቤት አለ። ጉድ የፈላው ዓይናቸው ሲታመም ነው። አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀረውም ጭጋግ ለበሰ። በዚያው ሰሞን ሚስቴ ወለደች፤ ስንት ስለት የተሳልንባት የመጀመሪያ ልጃችን። እማማ ስንዱ የልጅቱን ፊት በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ማንን መሰለች?» ብለው ጠየቁ። ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም።

አዲስ አበባ የሚነግደው ትልቁ ልጃቸው «ሕንድ አገር፣ ደሊ ሄደው ይታከሙ» አለ። ማን ይውሰዳቸው? እሱ ሱቅ አለው፣ እህቱ አራስ ናት። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። «አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ» አሉኝ። የኔ እንግሊዝኛ እኮ የተራራና የወንዝ ነው፤ ስለ ወጥ አንድ ቃል የለበትም!

ደሊ ማለት የሰቆጣ ገበያ ነው፤ ማብቂያ የሌለው የሰቆጣ ገበያ። ባጃጁ እንኳ ያው ነው። እማማ ስንዱ ድምፁን ሲሰሙ «ውይ! ተመለስን እንዴ?» አሉ። ያረፍንባት ቤት ሥር አንዲት ምግብ ቤት አለች። በሯ ላይ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የማይገባባት መሆኑ ተጽፏል። አንብቤ ነገርኋቸው።

«የምን ጾም ይዘው ነው?» አሉ።

«እነዚህ ሁልጊዜም እንደዚህ ናቸው አሉ።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«ዕድሜ ልካቸውን።»

አማተቡ። «እኛ አለን እንጂ፣ ሁለት ወር ጾምን ብለን አገር የምንረብሽ!» አሉ። ወጡ ሲቀርብ ግን ሸተታቸው። «መምህር፣ ይኼ ቅቤ አይደለም?» ቅቤ ነው። በቅቤ የሚዋኝ ሽምብራ። «እንግዲያ ምኑን ጾሙት!» ብለው አዘኑባቸው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ እንዴት እንብላ? ጓዳ የለ፣ መጋረጃ የለ። መከርን መከርንና ሁለት ጠረጴዛ ይዘን ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን። እሳቸው ወደ ግድግዳው፣ እኔ ወደ መንገዱ።

«መምህር፣ በሉ?» ይላሉ ሳይዞሩ።

«በላሁ። እርስዎስ?»

«ኧረ እኔስ ጠገብሁ።»

ውሸት! ሁለታችንም አልነካነውም። የኔን ማኘክ ይሰሙብኛል ብዬ እኔ እፈራለሁ፤ የሳቸውን እሰማለሁ ብለው እሳቸው ይፈራሉ።

የቤቱ ባለቤት ሪዛም ሰውዬ ነው። ቆሞ አየን አየንና የተጣላን መሰለው። ምን አደረገ መሰላችሁ? ሁለቱን ጠረጴዛ ገፍቶ አገጣጠመና ሽሮፕ የሚያንጠባጥብ ጣፋጭ ባንድ ሳህን ሁለት ማንኪያ ሰክቶ መሐላችን አኖረው። ሊያስታርቀን! እማማ ስንዱ ባማርኛ «ተጣልተን አይደለም፣ አማቼ ነው» አሉት። አልገባውም። ባማርኛ እምቢ ሲላቸው በኽምጣንጋ፣ ባገራቸው አገውኛ ደገሙለት፤ እሱም የሰው አገር ቋንቋ አይደል? ሰውዬው በሁለቱም ቋንቋ ራሱን እየነቀነቀ ሌላ ጣፋጭ ጨመረልን። ያን ለት ሁለታችንም ጦማችንን አደርን።

ኦፕራሲዮኑ በሦስተኛው ቀን ተሠራ። ዓይናቸው በፋሻ ታሰረ። ሐኪሙ «ብቻቸውን እንዳትተዋቸው፣ አንድ እርምጃም ቢሆን» አለኝ። በማግስቱ ፋሻው ተፈታና ጥቁር መነጽር ተደረገላቸው። «ይታይዎታል?» ስላቸው «እንጃ፣ ጥላ ጥላ ይለኛል» አሉኝ። ሐኪሙ ታገሡ፣ ቀስ እያለ ነው የሚለየው ብሏል። ማታ ሚስቴ ደወለች። «አየች?» አለችኝ። «ጥላ ጥላ ይለኛል ነው የሚሉት» አልኋት። ልጅቱ ከወዲያ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ እናቷም አብራ ታለቅሳለች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ሆድ ግን ሐዘን አያውቅም። ከሰቆጣ ከወጣሁ የረባ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ከማረፊያችን ጀርባ ባለችው መንገድ ደግሞ ዶሮ በከሰል የሚጠብስ ቤት አለ። ቀይ ቅመም የተቀባ ዶሮ! በዚያ ባለፍን ቁጥር እርምጃዬን እቀንሳለሁ። ዕለቱ ምን ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ። እማማ ስንዱን ደግፌ ገባሁና ፊት ለፊቴ አስቀመጥኋቸው። ብቻቸውን አትተዋቸው ተብያለሁ፤ ቢሆንም አያዩኝም። የማያይ ሰው ፊት መብላት ነውር ነው ያለኝ ደግሞ የለም። ለሳቸው ዳቦና ቅቤ የሌለው ምስር አዘዝሁላቸው። ለኔ ሙሉ ዶሮ መጣ። ማን ባርኮ እንዳረደው አልጠየቅሁም፤ ዶሮውም አልነገረኝም።

«መምህር፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አሉ።

«ጎረቤት ነው» አልኋቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

«እግዜር ይማራቸው» አሉ።

«አሜን» አልሁ፤ አፌ ሙሉ ስለነበር «አሜን»ም በቅጡ አልወጣልኝ።

አንዱን እግር ጨረስሁ። ሁለተኛውን ያዝሁ። ቅመሙ ያቃጥላል፤ እንባዬ ይወርዳል፤ አፍንጫዬ ይፈሳል። የተከተፈው ሽንኩርትና ሎሚ እሳቸው ዘንድ ቀርቷል። እማማ ስንዱ ሳህኑን ገፋ አደረጉና እጄ ሥር መጣልኝ። የእግዜር ሥራ ብዬ አመሰገንሁ። እሳቸውም ነጠላቸው ሥር ቀስ ብለው ምስራቸውን በሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ አብረን ስንበላ ያን ለት የመጀመሪያችን ነበር። ሆዴ ሲሞላ ደግሞ ልቤ ተረበሸ፤ እኚህ ሴት ሳያዩ ቢቀሩስ? የልጄን መልክ በጣታቸው ብቻ አውቀው ቢሞቱስ?

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስን። መነጽሩን አወለቀና ጣቱን ዘረጋ። «ስንት ነው?» ይላል፤ እኔ ባማርኛ እነግራቸዋለሁ።

«ሁለት። አሁን ሦስት። ቀለበቱ ደግሞ ከብር ነው» አሉ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሐኪሙም ደስ አለው። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ጥርት ያለላቸው፣ ጠይቅልኝ አለኝ። ጠየቅሁ።

እማማ ስንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከትናንት ምሳ ጀምሮ» አሉ። «መጀመሪያ ጥላ ጥላ ይለኝ ነበር። መምህር ሁለተኛውን የዶሮ እግር ሲይዙ ግን ወለል አለልኝ።»

እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።

«ንገሩት እንጂ!» አሉኝ። «የሐኪም ጥያቄ ይዋሻል?»

እንግዲህ ይታያችሁ፤ የገዛ ጉዴን በገዛ አፌ፣ በዚያች የወንዝና የተራራ እንግሊዝኛ ስተረጉም። ሐኪሙ ጻፈው። እውነቴን ነው፣ እየሳቀ ጻፈው። «ቅመም ይበዛው ነበር?» ብሎም ጠየቀኝ።

ስንወጣ እንደ ማኩረፍ ቃጣኝ። ካዩ ለምን ዝም አሉ? ትናንት ማታም ልጅዎ ደውላ ስታለቅስ እየሰሙ!

እማማ ስንዱ ቆሙ። «አየሁ ብል መብላትዎን ይተዉ የለ?» አሉኝ። «ሚስትዎ አራስ፣ እናትዎ ሩቅ፣ በሰው አገር በኔ ምክንያት ጦምዎን ሲያድሩ ስድስት ቀን ሙሉ ሰማሁ። ሆድዎ ሲጮህ እኮ ይሰማል! አንድ ቀን እንኳ ይብሉ ብዬ ነው። ለሷም ብነግራት ለእርስዎ መንገሯ አይቀር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደግሞ ልጄ፣ አበላልህ ደስ ይላል» አሉኝ። «ልጄ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ባጃጅ መሐል ቆሜ አለቀስሁ፤ የቅመሙ ነው አልኋቸው።

ሰቆጣ ስንገባ በቀጥታ ወደ አራሷ ነው የሄዱት። ልጅቱን ወደ መስኮቱ ወስደው ረጅም ጊዜ አዩዋት። «አፍንጫዋ የመምህር ነው፤ ምን ይደረግ» አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እንዴት ዳኑ ሲሏቸው ከዶሮው ይጀምራሉ። እግሩን እንዴት እንደያዝሁ በእጃቸው ያሳያሉ፤ አጥንቱን እንዴት እንደመጠጥሁ በከንፈራቸው። ሰው በሳቅ ይሞታል። ሚስቴ ብቻ አልሳቀችም። ጣቷን እያጠፈች ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች፤ መጥፎ ምልክት ነው።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ያ ቀን ረቡዕ አልነበረም እንዴ?»

ትኩስ ውኃ የፈሰሰብኝ ያህል ላብ አጠመቀኝ። እማማ ስንዱ እኔን አዩኝ፤ በዚያች የሐኪሙን ቀለበት በለየች ዓይናቸው አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ቀኑን እንጃ ልጄ» አሉ። «ቀኑ ላይ ገና ጭጋግ ነበረብኝ።»