ለሁለት ፓርቲ የሰባ ሙክት

(አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ የገበሬው የሀሚዱ ደጃፍ። ዝናብ ያካፋል። ሀሚዱ በምርጫው ሰሞን የታደለውን ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ሰላሀዲን በእግሩ መጥቶ እስከ ካልሲው በስብሷል።)

ሰላሀዲን፦ እጠፈው አልኩህ፣ አያ ሀሚዱ።

ሀሚዱ፦ እየዘነበ?

ሰላሀዲን፦ ይዝነብ። ጃንጥላ ተሸንፏል።

ሀሚዱ፦ በማን?

ሰላሀዲን፦ በመሰላል ነዋ። ውጤቱ ትናንት ተለጠፈ። የክልሉን ምክር ቤት የመሰላል ፓርቲ ወሰደው። መንግሥት ተቀየረ።

ሀሚዱ፦ እና መሰላል ተሸክሜ ልቁም? ዝናብ ያስጠልላል?

(ሰላሀዲን በሆዱ «ይኼን ድንጋይ ራስ» አለ። ምርጫው እስኪደርስ ለጃንጥላው ፓርቲ ሲቀሰቅስ፣ «መሰላል የሌባ ዕቃ ነው» ሲል ከርሞ፣ ዛሬ የራሱን ጃንጥላ አልጋ ሥር ደብቆ ነው የወጣው። አዲሱ ተመራጭ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ቀበሌውን ሊያይ ይመጣል። ወንበሩን የሚያተርፍለት አንድ ነገር ብቻ ታይቶታል፦ ለጃንጥላው ድል ብሎ ገዝቶ፣ እንዲያሰባለት ሀሚዱ ዘንድ የተወው ሙክት።)

ሰላሀዲን፦ በል ሙክቱን አውጣው። እንግዳውን የምቀበለው እኔ ነኝ።

ሀሚዱ፦ ሌቦች ናቸው ብለህ አልነበር?

ሰላሀዲን፦ እሱ ሳይመረጡ ነው። አንተ ፖለቲካ አይገባህም።

ሀሚዱ፦ አይገባኝም፣ ወላሂ። ግን በጉ የጃንጥላ አልነበረም እንዴ?

ሰላሀዲን፦ በግ ፓርቲ የለውም።

ሀሚዱ፦ ታድሎ።

ሰላሀዲን፦ የታለ ታዲያ?

ሀሚዱ፦ የሕዝብ ነው አላልክም?

(ሰላሀዲን አላስታወሰም። ሀሚዱ ቀስ ብሎ አስታወሰው። ገበያ መሀል በድምፅ ማጉያ «የኔ የምለው የለኝም፣ ቤቴም በጌም የሕዝብ ነው» ብሎ ነበር። ሕዝቡም አጨብጭቧል። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ምርጫው በሰላም እንዲያልፍ ዱዓ ሊያደርጉ መስጊዱ ግቢ ተሰበሰቡ። ለሰደቃ የሚታረድ ጠፋ። የሀሚዱ ሚስት ረቢያ ናት «የሕዝቡ በግ እኛ ጓሮ ታስሮ የለም ወይ» ያለችው።)

ሰላሀዲን፦ አረዳችሁት?

ሀሚዱ፦ በቢስሚላህ።

ሰላሀዲን፦ ማን በላው?

ሀሚዱ፦ ሕዝቡ። አንተም ነበርክ። ጎድኑን ያነሳነው እኮ ላንተ ነው። «ይኼን ያበላን ሰው ጀነት ይግባ» ስትል እኔማ ራስህን መመረቅህ መስሎኝ።

(ሰላሀዲን ሆዱን ያዘ። ጎድኑ ትዝ አለው። ስቡ ሁሉ ሳይቀር ትዝ አለው።)

ሰላሀዲን፦ እሺ። ዱዓው ለሰላም ብቻ ነበር፣ አይደል?

ሀሚዱ፦ ለሰላም ነበር። መጨረሻ ላይ ነው ሼኹ «የበላዩን ሲያይ የሚያጎነብስ፣ ደሀ ሲያይ የሚያገሳ ሹም ካለብን አንሳልን» ያሉት። እኛማ አንተ ስላለህ ፈርተን አሚኑን በሹክሹክታ አልነው።

ሰላሀዲን፦ እኔስ?

ሀሚዱ፦ አንተ አጥንት እየጋጥክ ነበር። ያም ሆኖ ያንተ አሚን ከሐይቁ ማዶ ተሰማ።

(ዝናቡ በረታ። ሰላሀዲን መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። የሚያየው ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ጃንጥላው ሥር ሹልክ ብሎ ገባ።)

ሰላሀዲን፦ ወንድምዬ፣ ሼኹ ዱዓውን ይመልሱልኝ ይሆን?

ሀሚዱ፦ ይመልሱልህ ይሆናል። ግን በባዶ አፍ ዱዓ የለም። ሌላ ሙክት አምጣ።