የዓይን ፎቶ ጠርዝ

[አምቦ፣ 1977 ዓ.ም.፣ የመንጃ ፈቃድ ማደሻ ክፍል። ጸሐፊው ወልደሰንበት አንድ ፎቶ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሏል። የጊንጪ መስመር አውቶቡስ ሾፌር ሌታ ፊቱ ቆሟል።]

ወልደሰንበት፦ እና ይሄን ጉርድ ፎቶ ትለኛለህ?

ሌታ፦ ዓይኔ ነው፣ ጓድ። የውስጡ። አዲስ አበባ በመሣሪያ ነው ያነሱት።

ወልደሰንበት፦ የተጠበሰ እንቁላል እኮ ነው!

ሌታ፦ እኔም ገርሞኛል። ከረባት ተውሼ ነበር የሄድኩት፤ አልወጣም።

ወልደሰንበት፦ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ቢጫ ነጠብጣብስ?

ሌታ፦ ሐኪሙ "ዝቃጭ" አለኝ። ዓይኔ ጠርዝ ላይ የተጠራቀመ ነው አለ። ወደ ጎን እያስመለከተኝ አነሳው።

ወልደሰንበት፦ በቃ! በዝቃጭ ዓይን ፈቃድ አይታደስም።

ሌታ፦ ወዮ! ኦቦ ወልደሰንበት፣ ስድስት ልጅ አለኝ! ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ወልደሰንበት፦ [ፎቶውን ቅጹ ላይ አድርጎ ይለካል] ቆይማ። የቅጹ ሳጥን ሦስት በአራት ነው። ያንተ ተርፎታል።

[አራቱንም ጎን በመቀስ ይከረክማል። ቁራጮቹ መሬት ይወድቃሉ።]

ወልደሰንበት፦ አሁን ነጥብ አለ?

ሌታ፦ አንድም የለ! ዳንኩ?

ወልደሰንበት፦ ድነሃል! ሐኪም ያቃተውን እኔ ጨረስኩት።

ሌታ፦ [ፈገግታው ይጠፋል] ጓድ... ጠርዙን ከቆረጡት፣ ከጎን የሚመጣብኝን ጋሪ በምን ላየው ነው?

ወልደሰንበት፦ አንተ ጅል! የተቆረጠው ወረቀት ነው። ዓይንህ ምን ሆነ?

ሌታ፦ ዓይኔ ምንም ካልሆነ ታዲያ ምኔ ዳነ?

ወልደሰንበት፦ [መቀሱን ያስቀምጣል] የሐኪም ደብዳቤ የለህም?

ሌታ፦ አለ። ሳልሰጥዎ መቀስ አነሱ።

ወልደሰንበት፦ [ያነባል] "በጠርዙ ያሉት ነጥቦች ዕይታውን አልጎዱም፤ ያለ ስጋት ይንዳ። ነጥቦቹ የሚታዩበት ፎቶ አብሮ ካልቀረበ ግን ይህ ደብዳቤ አያገለግልም።"

[ደብዳቤውን ጥሎ በእንብርክኩ ጠረጴዛው ሥር ይገባል።]

ወልደሰንበት፦ ሦስቱ ተገኙ! አራተኛው የታለ? ኃላፊው ሊመጣ ነው! መስኮት መስኮት ታያለህ? ዞር በልና ፈልግ እንጂ!

ሌታ፦ [ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል] መዞር ምን ያደርግልኛል? ከግራ ጫማዎ አጠገብ ነው፣ ጓድ። ከዚህ ሆኜ ቢጫው ሳይቀር ይታየኛል።