የደረጀ አስታማሚ

በእኛ ሰፈር ጤነኛ ሰው ብቻውን ሊኖር ይችላል። በሽተኛ ግን አይችልም። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ያስነጠሰ ሰው ማር ይላክለታል፣ ያነከሰ ወጌሻ ይጠራለታል፣ «አዲስ አበባ ሄጄ ልመርመር ነው» ያለ ዕለት ደግሞ ቤቱ ለቅሶ የተቀመጠ ይመስል ከየጎረቤቱ ወንበር ይገባበታል። ይህን የምለው ሰፈሬን ለማማት አይደለም፤ ታምሜ አውቃለሁና ውለታቸው አለብኝ። ግን እናንተም ብትሆኑ፣ የያዛችሁ ነገር በሰው ፊት ስሙ የማይነሣ ዓይነት ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ደግ ሰው እንዴት እንደሚያስፈራ ትረዱኛላችሁ።

የእኛ ነገር ስሙ የማይነሣ ነበር። ከደረጀ ጋር ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆኖናል፣ ልጅ የለንም። እሱ ሄርማታ ገበያ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ እኔ ማዘጋጃ ቤት እሠራለሁ። ሁለታችንም ሠላሳዎቹን እየጨረስን ነው። የእሱን ዕድሜ የሚቆጥርለት የለም፤ የእኔን የማይቆጥር የለም። አማቴ እትዬ አስካለ ከአጋሮ በመጡ ቁጥር ሰላምታቸውን የሚጀምሩት ከሆዴ ነው። በር ላይ ቆመው ዓይናቸውን ቀሚሴ ላይ ያሳርፋሉ፣ አንዴ በረዥሙ ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ጉንጬን ይፈልጋሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ነገር ግን ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ልጃቸውን ወደ ጓሮ ወስደው «አንተ እኮ ገና ጎረምሳ ነህ» ሲሉት በመስኮት ሰምቻለሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለእናንተ አልተረጉምም። ደረጀ ምንም አልመለሰላቸውም። እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ነው፤ ትዳሬ ሌላ የለቀማ ሰሞን የሚሻገር መስሎ አልታየኝም። በዚያው ዕለት «አዲስ አበባ እንሂድ» አልኩት።

ሐኪም ቤት መምረጥ ማለት በዚህ ዘመን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ስልክ መነካካት ነው። አገላብጬ አገላብጬ ሁለት ቀሩኝ። የአንደኛው ገጽ ከላይ እስከ ታች ሕፃን ነው፤ የሚስቅ ሕፃን፣ የሚያዛጋ ሕፃን፣ መንታ፣ ሪባን የታሰረበት። ከሥሩም «ዘንድሮ እናንተም ትስማላችሁ» የሚል ጽሑፍ አለው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ስደውል አንዲት ሴት አነሣችና «ከባለቤትሽ ጋር ነው የምትመጡት? ሁለታችሁም ሳትመረመሩ ስለ ሕክምናው ምንም ልልሽ አልችልም» አለችኝ። ቅር አለኝ። እኔ የምፈልገው ሕፃን ነው፣ እሷ የምታወራው ስለ ምርመራ ነው። ስለ ሕክምናው የማውቀው ደግሞ አይቪኤፍ የሚባል ትልቅ ነገር እንዳለ ብቻ ነበር፤ እንቁላሉንና ዘሩን ከሰውነት ውጭ አዋህደው ወደ ማህፀን ይመልሱታል፣ ከዚያ ሪባን ይታሰርበታል። ከእሱ በፊት ብዙ ደረጃ እንዳለ የነገረኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሕፃን የበዛበትን መረጥኩ።

የቀረው ውሸቱ ነው። እኔ ታመምኩ ካልኩ ሰፈሩ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ደረጀ ታመመ። የሐሞት ጠጠር እንዲሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ከውጭ አይታይም፣ አይጋባም፣ አዲስ አበባ ያስኬዳል። ደረጀም ወዲያው ተስማማ። ያልታመሙትን ሕመም ማውራት እንዴት ቀላል ነው! አንድ ነገር ብቻ ዘንግቼ ነበር። የጎረቤታችን የእማማ ዘሃራ ሐሞት በቀዶ ሕክምና ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው።

እማማ ዘሃራ ከሁሉም ቀድመው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ፣ እሱ ይማርህ ልጄ። የት ጋ ነው ሚይዝህ?» አሉት። ደረጀ ግራ ጎኑን ጨብጦ አቃሰተ።

ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ እጁን ቀስ አድርገው አነሱና ወደ ቀኝ ጎኑ አሻገሩለት። «እዚህ ጋ ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞሩና «አስታማሚው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔው አለሁ፣ እማማ።»

«አንቺ ሚስት ነሽ። ሚስት ትደነግጣለች እንጂ መች ታስታምማለች! እኔ እሄዳለሁ። መንገዱንም አውቃለሁ፣ ዶክተር መጠየቅም አውቃለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ ዘንድ በሽተኛ ያለ አስታማሚ አዲስ አበባ አይላክም፤ አስታምማለሁ ያለን ሰው እምቢ ማለት ደግሞ በር ዘግቶ እንደ መመለስ ነው። አመሰገንን።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ደረጀ ወልቂጤ ላይ ጥብስ ሊያዝ አፉን ሲከፍት እማማ ዘሃራ አስተናጋጁን ጠርተው «ለበሽተኛው ሽሮ፣ ዘይት እንዳይነካው» አሉ። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ቅባት አይበላማ! ባሌ ያን ደረቅ ሽሮ እያየኝ ዋጠ። እኔ ግን ሐሳቤ ነገ ላይ ነበር። እህቴ ቤት አድረን ጠዋት እሳቸው ሳይነሱ ሹልክ ለማለት ተማክረናል። ጠዋት በሩን ስንከፍት እማማ ዘሃራ ሰግደው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ፔርሙዝ ይዘው ደጅ ቆመዋል።

ታክሲውም ውስጥ አብረውን ገቡ። ዛሬ ማታ ጅማ ይሰማል፣ ነገ አጋሮ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ እትዬ አስካለ ጓሮ መሄድም አያስፈልጋቸውም፣ ሳሎን ውስጥ ያወሩታል ብዬ አሰብኩ። ደርሰን የእንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ሕፃን አለ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ ሕፃን አለ፣ እንግዳ ተቀባይዋ የምትጠጣበት ኩባያ ላይ ሳይቀር ሕፃን ይስቃል። እማማ ዘሃራ አንድ በአንድ ተመለከቱና «የሐሞት ሐኪም ቤት እንዲህ ልጅ ሲያበዛ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደረጀ ቀኝ ጎኑን ያዘ።

ስማችን ሲጠራ አብረውን ተነሡ፤ አስታማሚ ናቸዋ፣ ማን ይከለክላቸዋል? ዶክተሩ ጥሩ ከረባት ያሰረ፣ ችኩል ሰው ነው። ጅማ የተነሣሁትን አሮጌ አልትራሳውንድ ለአፍታ ብርሃን ላይ ያዘው። ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ከዚያ «ቀጥታ አይቪኤፍ ነው። ዛሬ ከፍላችሁ መርፌውን እንጀምራለን። የክፍያው መስኮት በግራ በኩል ነው» አለ። ተስፋ ሲጣደፍ አይጠይቅም፤ እጄ ቀድሞኝ ቦርሳዬን መክፈት ጀመረ።

«ዶክተር» አሉ እማማ ዘሃራ፣ «በሽተኛዬን ሳታይ?»

«በሽተኛዋ እሷ ናት፣ እማማ።»

«ወላሂ አይደለችም። ታመምኩ ብሎ ከጅማ የመጣው እሱ ነው። ሰፈሩ ሙሉ ጠይቆታል። እሱ ሳይታይ አልመልሰውም።»

ዶክተሩ ሳቀ። «የባልየው በኋላ ይደርሳል» አለ። እማማ ዘሃራ አልሳቁም። እኔም ሳቅ ስጠብቅ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ የዚያች «ሁለታችሁም ሳትመረመሩ» ያለችኝ የስልኳ ሴት ድምፅ። በስምንት ዓመት ውስጥ እኔ ያልዋጥኩት ክኒን፣ ያልተጠመቅሁበት ጠበል፣ ሆዴን ያላሸችኝ አዋቂ የለችም። ደረጀን አንድ ቀን እንኳ «አንተስ?» ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም። ቦርሳዬን ዘጋሁና ተነሣሁ።

በማግሥቱ ወደ ሁለተኛው ሐኪም ቤት ሄድን። ግድግዳው ላይ ሰዓት እንጂ ሕፃን የለም። እማማ ዘሃራ ዶክተሯ መጀመሪያ ደረጀን ስትጠራ ሰሙና «እዚህስ ያዩታል፣ ግቡ» ብለው ውጭ ቀሩ። ደረጀ ለብቻው ወደ ጠባብ ክፍል ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር አልጽፈውም፣ ባሌ ነው። እህቴ ቤት ጥቂት ሳምንታት ሰነበትን፤ እኔም ደሜ ታየ፣ ቱቦዬ በራጅ ታየ። ውጤቱ ሲደርስ ዶክተሯ ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀመጠችን። የእኔ ለዕድሜዬ ደህና ነው። የእሱ ዘር ቁጥሩ ያነሰ፣ እንቅስቃሴውም የደከመ ነው፤ አንድ ምርመራ አይበቃም ብላ ብታስደግመውም ያው ሆነ። በዘር ፍሬው ዙሪያ ያሉ ደም ሥሮች አብጠዋል። መጀመሪያ ትንሽ ቀዶ ሕክምና፣ ጫት መተው፣ ለወራት መጠበቅ። ካልሆነ ጠንካራውን ዘር መርጦ በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ማስቀመጥ። እሱም ካልሆነ አይቪኤፍ። «ዋስትና አልሰጣችሁም፤ ዕድል አላችሁ» አለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደ ሰው ያናገረኝ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው፤ እንባዬ መጣ።

ስንመለስ ወልቂጤ ላይ ማንም ምንም አልከለከለውም። ደረጀ ራሱ «ሽሮ፣ ያለ ዘይት» ብሎ አዘዘ።

ቤታችን በወንበር ተሞልቶ ጠበቀን። እትዬ አስካለም ከአጋሮ መጥተዋል። በር ላይ አገኙኝ፣ እንደ ልማዳቸው ከሆዴ ጀመሩ፣ ተነፈሱ። ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ «ምን አሉህ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ደረጀ ተነሥቶ ቆመ። ሳይታመም ያን ሁሉ ሕመም ሲያወራ የከረመ ሰው፣ የእውነቱን አሁን ከአፉ ማውጣት አቃተው።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው።»

«ታዲያ ማን አጣው!» አለ ቤቱ በአንድ አፍ። «ሐሞት ምን አላት፣ ትወጣለች፣ ያልቃል!» አሉት ከወዲያ። አንዱም በሶ ይሻለዋል አለ።

ደረጀ አየኝ። ገብቶኛል፣ ገብቶታልም። እውነቱን ተናግሯል፣ ማንም አልሰማውም፤ አሁን ቢቀመጥ ማንም አይጠይቀውም፣ እኔም ሆዴን ይዤ እኖራለሁ። እንዲህ ምቹ በር ለሰው ብዙ ጊዜ አይከፈትም። እማማ ዘሃራ ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ቀና አላሉም። የደረጀ እጅ ሳያውቀው ቀኝ ጎኑን ይዞ ነበር። አወረደው።

«ሐሞት አይደለም» አለ። «ልጅ ያልመጣው በእኔ ነው። ሂሩት ደህና ናት።»

እትዬ አስካለ ተነሡ። ወደ በሩ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፣ እኔ ፊት መጥተው ቆሙ። ዓይናቸው ዛሬ ወደ ታች አልወረደም። ከማያውቁት ሰው ጋር እንደ ተገናኙ ሁሉ ፊቴን ብዙ አዩት።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ «እንዲህ ከስተሽ ነበር እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ያለው እንደምትገምቱት ነው። ቀዶ ሕክምናው ከክረምት በኋላ ነው። ልጅ ይምጣ አይምጣ እኔ አላውቅም፣ ዶክተሯም አታውቅም፣ ሰፈሩ ግን ያውቃል። አንዷ ጥቁር አዝሙድ ትልካለች፣ ሌላው ከሊሙ ማር ያስመጣል፣ የቅዳሜ የጫት ጓደኞቹ «ሐኪም ከልክሎሃል» ብለው በር ላይ ይመልሱታል፣ የማያውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ዕድሜውን ይጠይቀዋል። ደረጀ ሁሉንም ይውጣል። እኔ አቀብላለሁ። እማማ ዘሃራ በየጠዋቱ በአጥሩ በኩል «በሽተኛዬ እንዴት አደረ?» ይላሉ። መቼ እንዳወቁብን ጠየቅኋቸው፤ «እኔ ምን አውቄ፣ አስታማሚ ነኝ» አሉኝ።

እትዬ አስካለም ከአጋሮ ይመላለሳሉ። በር ላይ መጀመሪያ ፊቴን ያያሉ፣ ይስሙኛል። ከዚያ፣ አልዋሻችሁም፣ ዓይናቸው አሁንም ዝቅ ይላል፤ ወደ ደረጀ ሳህን፣ ማሩን ጨርሶት እንደሆነ ለማየት።