የገርዓልታ አሸዋ በብሎክ 9 ደረጃ ላይ ስለ መለሰኑ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ገርጂ፣ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ ጥበቃ ቤቱ ደጅ

የተገኙ፦ አቶ ገብረየስ (የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ወርቅዬ (አባል፣ ሦስተኛ ፎቅ)፣ አቶ ዱባለ (አባል፣ የጥገና ኃላፊ)፣ ሰናይ (ጸሐፊ)፣ ዶ/ር አምለሰት (አመልካች፣ የሥነ ምድር ተመራማሪ፣ ምድር ቤት)። ሌላው አባል አቶ እንድሪስ ለመውረድ ፈቃደኛ ባይሆኑም ከበረንዳቸው ሆነው ስለሚሰሙ እንደተገኙ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ከደረጃ ሥር ስለጠፋው ጆንያ

ዶ/ር አምለሰት ከደረጃው ሥር ካስቀመጧቸው የአሸዋ ጆንያዎች አንዱ መጥፋቱን አመለከቱ። አቶ ዱባለ አለመጥፋቱን፣ የተሰባበሩትን ሁለት ደረጃዎች እንደለሰኑበትና ሥራውም ያማረ መሆኑን ገለጹ። «አሸዋ መሆኑን እንጂ የዶክተር መሆኑን በምን ልወቅ?» ሲሉም ጠየቁ።

ዶ/ር አምለሰት ሲያብራሩ፣ አሸዋው ከገርዓልታ ተራራ ከሚወርድ ጅረት የተቀዳ ነው፤ ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ድንጋይ ሲመታ ውስጡ ቤሪሊየም-10 የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ ድንጋዩ ተራራው ላይ ብዙ ከቆየ ብዙ ይጠራቀምበታል፣ ቶሎ ከተሸረሸረ ግን ጥቂት፤ ይህ ሲለካ ተራራው በምን ፍጥነት ሲሸረሸር እንደኖረ ይታወቃል አሉ።

ወ/ሮ ወርቅዬ ደረጃውን በየቀኑ ስለሚረግጡት ጨረሩ ወደ እግራቸው ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቁ። አሸዋው ምንም እንደማያደርግ፣ የሕዋው ጨረር ግን ሁላችንንም ሁልጊዜ እንደሚመታ ሲነገራቸው፣ ይህ ለነዋሪው ሳይገለጽ መቆየቱን በቅሬታ አስመዘገቡ።

ሰብሳቢው ተራራው በዓመት ምን ያህል እንደሚጎድል ጠየቁ። ከፀጉር ውፍረት ብዙም እንደማይበልጥ ሲገመት፣ ለፀጉር ያህል ነገር በእሑድ ቀን ስብሰባ መጠራቱ እንዳሳዘናቸው ገለጹ።

ዶ/ር አምለሰት አባታቸው ከዚያ ተራራ ሥር እንደሚያርሱና ማሳቸውን ጎርፍ እያሳነሰባቸው መሆኑን ተናገሩ። «በደወልኩ ቁጥር ‹ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ በእኛ ዘመን የመጣ ነው?› ይሉኛል። ‹አባቴ፣ እየለካሁ ነው› ስላቸው ዓመታት አለፉ። ጆንያዎቹ ነገ በአውሮፕላን ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳሉ። የተለሰነው ከእርሳቸው ማሳ በላይ የቀዳሁት ነው።»

ሰብሳቢው በቀጥታ ወደ አጀንዳ 2 እንዲታለፍ አዘዙ።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ

አቶ ዱባለ አንድ ጆንያ የታጠበ የወለንጪቲ አሸዋ ለመተካት ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቀባይነት አላገኘም። ዶ/ር አምለሰት ሲሚንቶው በአሲድ ስለሚለቅ እንደማያሳስባቸው፣ ሌላ አሸዋ ተቀላቅሎበት ከሆነ ግን ልፋታቸው ከንቱ መሆኑን ተናገሩ። ሰብሳቢው አቶ ዱባለ ባለፈው ሪፖርታቸው ምርጥ የወለንጪቲ አሸዋ ገዝተው መቀላቀላቸውን እንዳሳወቁ አስታወሱ። አቶ ዱባለ ጸሐፊው እስክሪብቶ እንዲያስቀምጥ ጠየቁ፤ አልተፈቀደም። ከብዙ ማቅማማት በኋላ «ሌላ አሸዋ አልነበረም፤ የእርስዎ ብቻ ነው፣ ዶክተር» አሉ።

ዶ/ር አምለሰት አቶ ዱባለን አቅፈው ሳሟቸው። የአቶ ዱባለ ኑዛዜ በወቀሳ ወይስ በምስጋና ይመዝገብ በሚለው ላይ ጉባኤው ተከራክሮ ሳይስማማ ቀረ።

ሰፊ ክርክር ከተደረገ በኋላ ልስኑ ተፈንቅሎ ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ አቶ ዱባለ በሐሰተኛ ሪፖርት እንዲወቀሱ፣ ወ/ሮ ወርቅዬም የጨረር ንዑስ ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ ተወሰነ። አቶ እንድሪስ እጃቸውን ያነሱት ለድምፅ ይሁን ልብስ ለማስጣት ባይረጋገጥም በድጋፍ ተይዟል። ወ/ሮ ወርቅዬ ጉልበታቸው ታሞ ስንት ጊዜ ለምነው የተጠገነ ደረጃ መልሶ መፍረሱን አጥብቀው ተቃወሙ።

ጸሐፊው ውሳኔውን እያነበበ ሳለ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ጉባኤው ተነሥቶ ሲሄድ አቶ ዱባለና ዶ/ር አምለሰት ጎን ለጎን ተንበርክከው ልስኑን ሲፈነቅሉ፣ ወ/ሮ ወርቅዬም ተቃውሟቸውን ሳይተዉ የጆንያውን አፍ ከፍተው ይዘው ተገኙ።

ሰብሳቢው ውሳኔ ተነቦ ሳያልቅ ሥራ መጀመሩ ከደንብ ውጭ መሆኑን አሳሰቡ። በመሆኑም ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ደረጃው ቀድሞውንም እንዳልተጠገነ፣ አሸዋውም እንዳልተነካ፣ የሚወቀስም ሆነ የሚመሰገን ሰው እንደሌለ ተቆጥሮ፣ ይህም ስብሰባ አስፈላጊ እንዳልነበረ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ከቀኑ በ11 ሰዓት ተበተነ።