ኮፈኖ ሲከፈት ብቅ የሚሉት ሰው

መኪና ተበላሽቶበት ብቻውን የቀረ ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም። መንገዱ ጭር ያለ ይሁን፣ ግቢው የተዘጋ ይሁን፣ ኮፈኖው ከፍ ባለ ቅጽበት አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገብዎ ቆመዋል። ሲመጡ ያየ የለም፤ ኮቴ የሰማም የለም። መኪና የላቸውም፣ መፍቻ አይዙም። ምክር ግን ሞልቷቸዋል።

ልብስ ሰፊዋ እኚህን ሰው የተዋወቀቻቸው፣ ሟች ባሏ የተወላት አሮጌ መኪና መንተባተብ በጀመረች ሰሞን ነው። አራቱ ፒስተኖች ተራ በተራ መሥራት ሲገባቸው አንዱ ተራውን ይዘላል፤ መኪናዋም እንደሚያነክስ ሰው እየተንገጫገጨች ትሄዳለች። ደግሞ አመሏ! በፀሐይ ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት፣ ጭጋግ ሲወርድ፣ ይብስባታል።

ሰውየው መጀመሪያ የተከሰቱት ጨርቅ ከምትገዛበት መደብር ሥር፣ ምድር ቤት ባለው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። አምፖሉ ጠፋ በራ ይላል። ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ኮፈኖውን አነሣች።

“ካንዴላው ነው” አለ አንድ ድምፅ ከጆሮዋ ሥር።

ጮኸች።

“አትደንግጪ እህቴ። እሳቱን የሚለኩሰው ካንዴላው ነው፤ እሱ ሲደክም ሞተሩ ይንተባተባል። እኔን ካመንሽ ቀይሪው።”

አመነች፣ ቀየረች። መኪናዋ በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዷ ተንተባተበች።

ሁለተኛ የተከሰቱት በሰፈሯ ዳገት ላይ ነው፣ በዝናብ። ዶፉ መንገዱን ሰው አልባ አድርጎታል። ክቡርነታቸው ግን ያለ ጃንጥላ ደረሱ፤ ኮታቸውም ደረቅ ነበር፣ ቢያንስ ለእሷ ደረቅ መስሎ ታይቷታል። “ያ የገዛሽው ካንዴላ አስመስለው የሠሩት ነው” አሉ፣ ሐዘን እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ዋናውን ፈልጊ።” ዋናውን ፈልጋ ገዛች።

ሦስተኛው ይባስ። የግቢዋን በር ከውስጥ ቀርቅራ፣ ኮፈኖውን ከፍታ አጎንብሳለች። ቀና ስትል እሳቸው ቆመዋል።

“ከየት ገቡ ጋሼ?”

“እኔማ እዚሁ ነኝ። ካንዴላውን ሲገጥሙልሽ አላጠበቁትም።”

መፍቻ ልታመጣ ጓዳ ገብታ ስትወጣ የሉም። መቀርቀሪያው እንደነበረ ነው።

ታላቅ እህቷ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰውን የምታውቀው በድምፁ ነው። ወሬውን ስትሰማ መርፌ እንደወጋት ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

“ሰውዬው እግሩ መሬት ይነካል? ልብ ብለሽ አይተሻል?”

“ኧረ ተይ እታለም!”

“ምን ላድርግ? ከሞተም በኋላ ስለ ካንዴላ የሚጨነቅ ሰው ይኖር ይሆናል።”

ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ግን ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ሆና ኮፈኖ አልከፈተችም።

በዚህ መሐል የእህትየው ቀጠሮ ደረሰ። የዓይን ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች። ጠዋት የሆስፒታሉ በር ሲከፈት ካልተገኘች ወረፋው ለሌላ ይሰጣል፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከነጋ በኋላ ተነሡ፤ ጭጋጉ ግን ንጋቱን ውጦታል። ቁልቁል ወርደው ድልድዩ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ተንተባተበች፣ ተንገጫገጨች፣ ቆመች። ወንዙ ይሰማል፣ አይታይም።

ልብስ ሰፊዋ ወርዳ ኮፈኖውን አነሣች። ጠበቀች።

“መጣ?” አለች እህትየው ከውስጥ።

“አልመጣም።”

“ጥሪው እንጂ!”

“ምን ብዬ? ስሙን አላውቅ!”

“ካንዴላ በይው!”

ልብስ ሰፊዋ ዓይን አፋር ናት፤ ደንበኛ ፊት እንኳ ድምፅዋ አይወጣም። ያን ጠዋት ግን ወደ ነጩ ባዶ ዞራ “ካንዴላ!” ብላ ጮኸች።

“ካንዴላው አይደለም” አለ ጭጋጉ።

እሳቸው ናቸው። ሲመጡ ስታያቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ያለከልካሉ፤ ጫማቸው ጭቃ ነው። “ከቤቴ ሆኜ ሰማኋት፣ ከዳገቱ ማዶ” አሉ። “መንተባተቧን አውቀዋለሁ። ውስጥ የተቀመጡት እመቤት የደረቡትን ብርድ ልብስ አምጪልኝ። እሳቸው ደግሞ ወደ መሪው ይሻገሩና ቁልፉን ያዙሩ።”

ሞተሩ እያነከሰ ተነሣ። ሰውየው ብርድ ልብሱን በራሳቸውና በልብስ ሰፊዋ ላይ፣ እስከ ሞተሩ ድረስ ጣል አደረጉት። ጨለማ ሆነ፤ የላስቲክና የቤንዚን ሽታ አፈናቸው። “ከማራገቢያው ራቅ በይ። ዝም ብለሽ እይ።”

አየች። አንዱ ጥቁር ገመድ ላይ ሰማያዊ ብርሃን፣ እንደ ትል የቀጠነ፣ ተሳበ። ጠቅ ብሎ ወደ ብረቱ ዘለለ። ጠፋ። እንደገና መጣ። በዘለለ ቁጥር ሞተሩ ይደነቃቀፋል። ነፍስ ያለው፣ ሲያዩት የሚያውቅ ነገር ይመስላል።

“ወደ ካንዴላው የሚሄደው እሳት መንገድ ላይ ያመልጣል” አሉ በሹክሹክታ። “ገመዱ ተሰንጥቋል። እርጥበት ሲያገኘው ወደ ብረቱ ይሻገራል።”

“እና ካንዴላዎቹስ?”

“ጤነኞች ናቸዋ! ከመጀመሪያው አላልኩሽም?”

ልብስ ሰፊዋ ሞተሩን አስጠፍታ ቦርሳዋን በረበረች፤ ክሩ ያለቀ የእንጨት ማጠንጠኛ ወጣ። ሰውየው ገመዱን አድርቀው፣ ማጠንጠኛውን በገመዱና በብረቱ መሐል ሸጎጡት፤ እሷ በቁራጭ ጨርቅ ጠፍራ አሰረችው። ቁልፉ ዞረ። አራቱም ፒስተኖች ለጥ ባለ ድምፅ ሠሩ።

ሰውየው ኮፈኖውን ዘግተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጭጋጉ ከትከሻቸው ጀምሮ ይወስዳቸው ጀመር። ያኔ ነው የገባት። መኪናው የተስተካከለለት ሁሉ ሞተሩን አስነሥቶ ይበራል፤ እሳቸው መንገድ ዳር ይቀራሉ። ጠፉ የምንለው እኛው ትተናቸው እየሄድን ነው።

“ይግቡ እንጂ ጋሼ።”

“እኔ?” አሉ፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር ብለው እያዩ።

ከኋላ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መንገዱን ሙሉ አንዲት ምክር ሳይሰጡ ሞተሩን አዳመጡ።

የሆስፒታሉ በር ሲከፈት ደረሱ። ነርሷ የእህትየውን ወረቀት አይታ ወደ ሽማግሌው ቀና አለች። “ከቤተሰብ ውጪ አይገባም። እኚህ ምናችሁ ናቸው?”

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች፤ ስማቸውን ገና አልጠየቀችም። እህትየው ግን ዓይኗ ስለተጋረደ በእጇ እየዳበሰች እጅጌያቸውን ያዘች።

“ወንድማችን ነው” አለች። “ና እንጂ ያዘኝ፤ ደረጃው አይታየኝም።”

ሰውየው የጠቆረ እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉና ክንዳቸውን ዘረጉላት።