ተኩላውን ማን አሳደገው?

(ሁለት ደባሎች የተከራዩት አንድ ክፍል። ሁለት አልጋ፣ አንድ ቴሌቪዥን። ሊቁ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ዱቄት ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ጠዋት ጋግሮ ከሰዓት ቤት ይውላል። ሊቁ ከሥራ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ የቪዲዮ ጌም ጆይስቲክ ይዞ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። ዱቄት ካልሲ ያጥፋል።)

ዱቄት፦ ውሻ ነው።

ሊቁ፦ ተኩላ ነው አልኩህ!

ዱቄት፦ ጭራውን እየቆላ?

ሊቁ፦ ሊበላኝ ስለሆነ ደስ ብሎት ነው! (ከቴሌቪዥኑ የማጓራት ድምፅ።) ይኸው፣ በላኝ። ዛሬ ብቻ አስራ አራት ጊዜ ሞትኩ።

ዱቄት፦ ነፍስ ይማር።

ሊቁ፦ የሞትኩት እኔ አይደለሁም፣ ሰውዬው ነው!

ዱቄት፦ የቱ ሰውዬ?

ሊቁ፦ እኔ!

ዱቄት፦ (ካልሲውን አስቀምጦ) ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ አስረዳኝ። እኔን ቶሎ አይገባኝም።

ሊቁ፦ እሱን አውቃለሁ። ስማ። ይሄ ተኩላ ከሁለት ወር በፊት በአንድ ዱላ የሚዘረር ተኩላ ነበር። ዛሬ ሌቨሉ፣ ማለት ደረጃው፣ ሠላሳ ዘጠኝ ገብቷል። ለምን? የጌሙ ሠሪዎች አንተ ሌቨል በጨመርክ ቁጥር ጠላቶችህም አብረውህ እንዲያድጉ አድርገዋል።

ዱቄት፦ አብሮ አደጎችህ ናቸዋ!

ሊቁ፦ ጠላቶቼ ናቸው!

ዱቄት፦ አብሮ አደጎች ሆናችሁ በምን ተጣላችሁ? ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩ…

ሊቁ፦ ከተኩላ ጋር?

ዱቄት፦ እኔ ውሻ ነው ብያለሁ። ቆይ ግን፣ ፎቅ ስወጣ ፎቁም አብሮኝ የሚጨምር ከሆነ ጣሪያው ላይ መቼ ልደርስ ነው?

ሊቁ፦ (ብድግ ብሎ) ይኸው! አንተን እንኳን ገባህ! እኛም የፈረምነው ለዚህ ነው!

ዱቄት፦ ምን ፈረማችሁ?

ሊቁ፦ የዚህ ጌም ተከታይ፣ «ጭጋግ ምድር ሁለት»፣ ልክ የዛሬ ሃያ ሦስት ቀን ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቀነዋል። ማስታወቂያው አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው፤ እኔ ስለሱ ስድስት ሰዓት ሙሉ ማብራሪያ ሰጥቻለሁ።

ዱቄት፦ ለማን?

ሊቁ፦ ለደንበኞቼ።

ዱቄት፦ ዝም ብለው ሰሙህ?

ሊቁ፦ ምላጭ አንገታቸው ላይ ነው፤ ማን ያቋርጠኛል? ከዚያ ለሠሪዎቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። (ደረቱን ነፍቶ) «ክቡራን ሆይ፣ ጌማችሁ ተበላሽቷል። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ጠላቶቼ ሳልነካቸው አድገው ይጠብቁኛል። ይህ ግፍ ክፍል ሁለት ላይ እንዳይደገም።» አርባ ሺህ አድናቂ ፈረመበት!

ዱቄት፦ አርባ ሺህ ሰው ተኩላ በላው?

ሊቁ፦ አንዳንዱ ጌሙን ገና አልጀመረውም። የፈረመው ለአንድነቱ ነው።

(የሊቁ ስልክ ይጮኻል። አንስቶ ያያል። ፊቱ ይበራል።)

ሊቁ፦ መለሱ! መለሱልን! (ጮክ ብሎ ያነባል) «ውድ አድናቂዎቻችን፣ ከመካከላችሁ አንዱ ባሰባሰበው ፊርማ መነሻነት የጠላቶችን አስተዳደግ እንደገና ልንሠራው ወስነናል።» ይህ አንዱ የተባለው እኔ ነኝ! «በመሆኑም ጌሙ የሚወጣበት ቀን…»

(ስልኩን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል።)

ዱቄት፦ የሚወጣበት ቀን ምን?

ሊቁ፦ (ድምፁ ሰልሎ) «…በአንድ ዓመት ከስምንት ወር ተራዝሟል።»

ዱቄት፦ እሰይ! ተሳካልህ!

(ከፈራሚዎቹ በሚመጣ መልእክት ስልኩ አሁንም አሁንም ይጮኻል።)

ዱቄት፦ ምን እያሉ ነው?

ሊቁ፦ «ደብዳቤውን የጻፈው ሰው የት ነው የሚኖረው?»

ዱቄት፦ ሊያመሰግኑህ ነው።

ሊቁ፦ (ስልኩን ትራስ ሥር ይከታል) ምንም ይበሉ። እውነት ተናግሬያለሁ። የማልነካው ጠላት ለምን ያድጋል?

ዱቄት፦ እሱ እኔንም ገርሞኛል። የኛ ሰውዬ እንዲህ ደግ ሆኖ ሳለ።

ሊቁ፦ የኛ ሰውዬ?

ዱቄት፦ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው፣ አረንጓዴ ካባ የለበሰው። ከሰዓት ከሰዓት ቅጠል አስለቅመው የለ?

ሊቁ፦ (ቀስ ብሎ ይዞራል) ምን አልክ?

ዱቄት፦ ከዳቦ ቤት ስመለስ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ቅጠል እለቅማለሁ፣ መድኃኒት እቀምማለሁ፣ ለመንደሩ በሽተኞች አድላለሁ። በሰጠሁ ቁጥር ደወል ይደወልና ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ይጨምራል። እንዳትቀየመኝ ደግሞ ስጨርስ ሰውዬውን ከወሰድኩበት ቦታ አምጥቼ አቆመዋለሁ። የሰው ዕቃ አይደል?

ሊቁ፦ ያ ቁጥር ሌቨል ነው!

ዱቄት፦ እንዴ! እኔ እኮ የምስጋና ብዛት መስሎኝ።

ሊቁ፦ ከስንት ጀመርከው?

ዱቄት፦ ከሦስት። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ገብቷል።

ሊቁ፦ (ራሱን ይዞ) ሰውዬው በቅጠል ሠላሳ ዘጠኝ ገብቶ በዱላ ግን ገና ሦስት ነው! ተኩላው ደግሞ የሚያየው ሠላሳ ዘጠኙን ነው! እኔ አርባ ሺህ ሰው አስፈርሜ…

ዱቄት፦ ይቅርታ ወንድሜ። ግን ቁጥሩ ሲጨምር አላየኸውም? ትልቅ ተደርጎ ነው የተጻፈው።

ሊቁ፦ አይቻለሁ።

ዱቄት፦ ታዲያ?

ሊቁ፦ (አንገቱን ደፍቶ) ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።

(ትራሱ ሥር ስልኩ ይንቀጠቀጣል።)

ሊቁ፦ አንተንስ አውሬዎቹ እንዴት አልበሉህም?

ዱቄት፦ ለምን ይበሉኛል? ቁስላቸውን እቀባቸዋለሁ።

ሊቁ፦ (ድንገት ቀና ብሎ) ቆይ። እስከየት ድረስ ሄድክ? ከተራራው ማዶ ቤተ መንግሥት አለ፤ እዚያ የጭጋጉ ንጉሥ አለ። ይህን ጌም የገዛሁት እሱን ለመግደል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩን እንኳ አላየሁትም።

ዱቄት፦ ዘውድ የደፉት አዛውንት? ባለፈው ሳምንት አገኘኋቸው። ለካስ እንደዚያ የሚጮኹት ራስ ምታት ይዟቸው ነው። ቀመምኩላቸው፤ ጠጡና አቅፈውኝ አለቀሱ። ሰማዩ ጠራ። ከዚያ ሙዚቃ መጣና ብዙ የሰው ስም ከታች ወደ ላይ ማለፍ ጀመረ።

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) ጌሙን ጨርሰኸዋል።

ዱቄት፦ ጨርሼው ነው? እኔማ ያበላሸሁብህ መስሎኝ ደንግጬ ሶኬቱን ነቀልኩት።